ፍሬዛል ቨርብን በኃላፊ ጊዜ ከተውሳከ ግሥ ጋር እንዴት ማዋቀር ይቻላል

እንግሊዝኛ ስንማር ፍሬዛል ቨርብ (ግሥና እንደ «ኦፍ» ያለ ትንሽ ቃል ተጣምረው እንደ አንድ ግሥ የሚያገለግሉበት) የሚያስቸግረን በብዛቱ ብቻ አይደለም። «ተርን ኦፍ»ን (ማጥፋት) በቃላችን ይዘን እንኳ ያለፈ ነገር ልንናገርበት ስንል ቅደም ተከተሉ ይጠፋብናል። «መብራቱን ቶሎ አጠፋ» የሚለውን ይዘን ደረጃ በደረጃ እንሥራው።

መጀመሪያ ጊዜውን ቀይሩ። የሚለወጠው የፊተኛው ቃል ብቻ ነው፤ «ተርን ኦፍ» «ተርንድ ኦፍ» ይሆናል። «ጊቭ አፕ» «ጌቭ አፕ»፣ «ቴክ ኦፍ» (ማውለቅ) «ቱክ ኦፍ» ይባላል። «ፑት ኦን» (መልበስ) ግን በኃላፊም ያው «ፑት ኦን» ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ብድግ ይላል» የነበረው «ብድግ አለ» ሲሆን «ብድግ» ባለበት ይቆያል፤ የሚረባው «አለ» ነው። በእንግሊዝኛ የሚረባው ከፊት፣ የማይነቃነቀው ከኋላ ነው። ትርጉሙም እንዲሁ፦ «አለ»ን ብቻ ያወቀ ሰው «ብድግ አለ» እንደማይገባው ሁሉ፣ «ጊቭ» መስጠት መሆኑን ማወቅ «ጌቭ አፕ» ተስፋ ቆረጠ ማለት እንደሆነ አይነግረንም። ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ግሥ አጥኗቸው።

ቀጥሎ ተሳቢው ይገባል። ስም ከሆነ ሁለቱም ቦታ ያስኬዳል፦ «ሂ ተርንድ ኦፍ ዘ ላይት» ወይም «ሂ ተርንድ ዘ ላይት ኦፍ»። ተውላጠ ስም ከሆነ ግን መሀል መግባት አለበት፦ «ሂ ተርንድ ኢት ኦፍ»። «ተርንድ ኦፍ ኢት» አይባልም። እንደ «ሺ ሉክድ አፍተር ሂም» (ተንከባከበችው) ያሉት ደግሞ ተሳቢያቸውን መሀል አያስገቡም። የትኛው እንደሚነጣጠል በመልክ ስለማይለይ ከነምሳሌው መያዝ ነው።

አሁን «ቶሎ»። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው፤ በአማርኛ ተውሳከ ግሥ ከተሳቢውና ከግሡ መሀል ሲገባ ጆሮ አይቆረቁርምና። በእንግሊዝኛ ግን «ሂ ተርንድ ኦፍ ኩዊክሊ ዘ ላይት» ማለት ስህተት ነው። ወይ ከግሡ በፊት አድርጉት፣ «ሂ ኩዊክሊ ተርንድ ኦፍ ዘ ላይት»፤ ወይ መጨረሻ ላይ፣ «ሂ ተርንድ ኦፍ ዘ ላይት ኩዊክሊ»። «ተርንድ ኩዊክሊ ኦፍ»ም አይሆንም፤ እኛስ «ቶሎ ብድግ አለ» እንጂ «ብድግ ቶሎ አለ» መቼ እንላለን? አቅጣጫን በቀጥታ የሚያሳዩት ግን መሀላቸው ይከፈታል፦ «ዘ ካት ክላይምድ ስሎውሊ ዳውን»፣ ድመቷ ቀስ ብላ ወረደች።

«ኦልዌይስ»ና «ኔቨር» የሚመቻቸው ከግሡ በፊት ነው። «ኔቨር» ጥንቃቄ ይፈልጋል። አማርኛ «በጭራሽ ተስፋ አልቆረጠም» ብሎ ግሡንም በአሉታ ያደርገዋል፤ «ኔቨር» ግን አሉታውን ብቻውን ይሸከማል። «ሂ ኔቨር ጌቭ አፕ» ይበቃል። በ«ዲድንት» ከሆነ ግሡ ወደ መነሻው ይመለሳል፦ «ሂ ዲድንት ጊቭ አፕ»። ሁለቱን አብሮ መደረብ አይቻልም።

በመጨረሻ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የኃላፊ ጊዜው ድምፅ ከኋለኛው ቃል ጋር ይጋጠማል፤ «ፒክድ አፕ» ተብሎ የተጻፈው ሲነገር «ፒክታፕ»፣ «ተርንድ ኦፍ» ደግሞ «ተርንዶፍ» ይሆናል። እንደ «ፑት» ሳይሆን ኃላፊው በ«ed» የሚጻፍ ግሥ በ«ት» ወይም በ«ድ» ድምፅ ካለቀ አንድ ቀለም (ክፍለ ቃል) ይጨመራል፦ «ሃንድ ኢን» «ሃንዲዲን» ይሆናል። ፊልም ስታዩ ወይም ዜና ስትሰሙ ቃሉን እያወቃችሁት ያመለጣችሁ ብዙ ጊዜ በዚህ መጋጠም የተነሳ ነውና፣ የምታጠኑትን እያንዳንዱን ፍሬዛል ቨርብ በኃላፊ ጊዜው አጋጥማችሁ ተለማመዱት።