ተሳቢ ቤት ላይ የተጨመረ የውጪ ሳጥን፦ ውሃ ሲያስገባ፣ ሲያወዛውዝ፣ ሲሰነጠቅ

መኪና በሚጎትተው ትንሽ ተሳቢ ቤት ውስጥ ቦታ ሁሌም ያንሳል። አልጋውና ምድጃው ከገቡ በኋላ ክሪኩ፣ ገመዱ፣ ሸራውና ጀሪካኑ የት ይግቡ? ሰው ውጪ ሳጥን ያስበይዳል። እኔ ጅማ ውስጥ ይህን ሥራ ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። አዲስ ከሠራሁት ይልቅ ሌላ ቦታ ተሠርቶ፣ ተበላሽቶ የመጣልኝ ይበልጣል። ቡሎን ማጥበቅና ማጠፊያ ዘይት መቀባት ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው።

ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ይገኛል

አብዛኛው ሰው የሚመጣልኝ በዚህ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። በልጉ ሳይወጣ ክረምቱ ይገባል። ሳጥኑ ሲከፈት ታች ሁለት ጣት ውሃ ቆሟል። የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ቃል አንድ ነው፤ «ፎርማን፣ የበሩን ጎማ ቀይርልኝ።» ድሮ እኔም ዝም ብዬ እቀይር ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ሰው ይመለሳል።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የበሩ ጎማ አይደለም። ከላይ ነው፤ ሳጥኑ ከተሳቢው ግድግዳ ጋር የተጋጠመበት መስመር ላይ። ዝናብ የግድግዳውን ፊት ይዞ ይወርድና የሳጥኑን ጣሪያ ያገኘዋል። ጣሪያው ዝርግ ከሆነ ውሃው እዚያው ይተኛል። የተኛ ውሃ ደግሞ ቀጭን ክፍተት አይምርም። የቡሎኑን ጥርስ ተከትሎ እየተሽከረከረ ይገባል። ግድግዳው ኮምፔርሳቶ ከሆነ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፣ ከዚያ ይበሰብሳል፣ ቡሎኑ ይላላል፣ ክፍተቱ ይሰፋል። ሳጥኑ ውስጥ ያያችሁት ውሃ ትንሹ ጉዳት ነው። ትልቁ ግድግዳው ውስጥ ነው ያለው።

አንድ የቡና ነጋዴ ከአጋሮ መልስ ተሳቢያቸውን ይዘው መጡ። ለናሙና የያዙት ቡና ርሶ ሸትቷል። በጣም ተናደዋል። «ጋሼ፣ ጎማው ደህና ነው፤ ይዩት» አልኳቸው። «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ የገዛሁት ሦስተኛ ጎማ ነው!» አሉኝ። ሳጥኑን ባዶ አድርጌ በጨርቅ አደረቅሁት። የውስጡን የኋላ ግድግዳ በሙሉ ጠመኔ ቀባሁ፣ ወለሉ ላይ ዱቄት ነሰነስኩ። ከዚያ ረዳቴ ውጪ ሆኖ በጎማ ቱቦ ውሃ ያፈስ ጀመር፤ ከታች ወደ ላይ። ታችኛው ጠርዝ ላይ አምስት ደቂቃ፣ ምንም። በሩ ዙሪያ አምስት ደቂቃ፣ ምንም። ወደ ላይኛው መጋጠሚያ ሲያዞረው ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከሁለተኛው ቡሎን ጫፍ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች። አበጠች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ጠመኔው ላይ ጠቆር ያለ መስመር እየሳለች ወረደች። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ይህን ምርመራ ራሳችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ከታች ወደ ላይ መሄድን ብቻ አትርሱ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ያረጥብና የቱ እንዳስገባ አይታወቅም።

ስለ ሲልከን ልናገር። የሚያስቆጣኝ እሱ ነው። ውሃ ገባ ሲባል የላይኛውን መስመር ከውጪ በሲልከን ይለስኑታል። ሲያፈስ በላዩ ላይ ሌላ ይደርባሉ። አዲስ ሲልከን አሮጌ ሲልከን ላይ አይዝም፤ ቀለምም አይዝበትም። ሲከፈት አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ ብረቱን ያዝገዋል። በነጋዴው ተሳቢ ላይ ሦስት ድርብ ሲልከን ነበር። በጣቴ ይዤ ስስበው እንደ ቆዳ ተልጦ ወጣ፤ ከሥሩ ላሜራው ቀልቷል።

ትክክለኛው ጥገና ሳጥኑን ማውረድ ነው። ማሳጠሪያ የለውም። አሮጌውን ሲልከን በሙሉ ፋቁ፤ ዝገቱን ቦርሹ፣ አንቲረስት ቀቡ። የበሰበሰ ኮምፔርሳቶ ካለ ቆርጣችሁ ቀይሩ። ስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት ጥገና አይባልም። የሳጥኑ ጣሪያ ወደ ውጪ ያዘንብል፤ በ40 ሳንቲ ስፋት 2 ሳንቲ ዝቅ ቢል ይበቃል። ከላይኛው መጋጠሚያ በላይ ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ቤት ክፈፍ የታጠፈ ላሜራ ይግባ። ላይኛው ጠርዙ ከግድግዳው የውጪ ልብስ ሥር ይሸጎጣል፣ ታችኛው ሳጥኑ ላይ ይደፋል። ያኔ ውሃው ክፍተቱን ሳያገኝ ያልፋል።

ማሸጊያው የመኪና የፊት መስታወት የሚለጠፍበት ጥቁሩ ማጣበቂያ ይሁን። ከውጪ ዙሪያውን ሳይሆን በሁለቱ ፊቶች መሃል ነው የሚገባው። ቡሎኑ ከመግባቱ በፊት ቀዳዳው ውስጥም ይቀባ። መጀመሪያ ግማሽ አጥብቁ። በአንዴ ካጠበቃችሁት ማጣበቂያው ተጨምቆ ያልቃል። በማግስቱ ጨርሱት። ከቤቱ ውስጥ በኩል ትንሿን ራንዴላ ትታችሁ በሁሉም ቡሎኖች ላይ የሚያልፍ 3 ሚሊ ብረት አድርጉ፤ አለበለዚያ ጭነቱ ግድግዳውን ይቀደዋል።

ከላይና ከጎን አሽጉ፤ ታችኛውን መስመር ግን አታሽጉ። የገባ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ወለሉ ላይም በሁለቱ ዝቅተኛ ማዕዘኖች 8 ሚሊ ቀዳዳ ይበሳ። ቀዳዳ የሌለው ሳጥን ባልዲ ነው።

በሩ ራሱ ሲያስገባ ደግሞ ጠርዙን እዩት። ላሜራው በዝርግ ተቆርጦ የቀረ ከሆነ ጠብታው አይንጠባጠብም፤ ከሥሩ ተለጥፎ ወደ ውስጥ ይሳባል። ጠርዙን 15 ሚሊ ወደ ታች እጠፉት። ከከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማም አይሆንም፤ አንድ በጋ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል። ውስጡ ባዶ የሆነውን የመኪና በር ጎማ ግዙ።

ዝናብ ሳይኖር ክዳኑ ከውስጥ በጠብታ ከተሸፈነ፣ ግድግዳው ግን ደረቅ ከሆነ፣ ያ ላብ ነው። እርጥብ ሸራ ታሽጎበት ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይመጣል። በሁለቱ ጎን፣ ከዝናብ የተከለለ መተንፈሻ ክፈቱለት።

ተሳቢው ጭራውን ይወዘውዛል

ይሄ እንደ ውሃው ብዙ አይመጣም፤ ሲመጣ ግን ሰው ይገድላል። መንስኤው ሳጥኑ ከኋላ መሰቀሉ ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው ላይ፣ ማለትም ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት መንጠቆ ላይ፣ ማረፍ አለበት። 800 ኪሎ ለሚመዝን ተሳቢ ከ80 እስከ 120 ኪሎ ማለት ነው። ከአክሱ (ጎማዎቹ ከተተከሉበት ብረት) 2 ሜትር ወደ ኋላ 50 ኪሎ ስትሰቅሉ፣ ጋንቾው ከአክሱ 3 ሜትር ከራቀ፣ 33 ኪሎ ያህል ከጋንቾው ላይ አነሳችሁ። ከ80 ላይ 33 ሲነሳ ምን እንደሚቀር አስሉት። ከባድ ዕቃ ከፊት፣ ምላሱ (ጋንቾውን የያዘው የፊት ብረት) ላይ ባለ ሳጥን ይግባ፤ የኋላው ለሸራና ለገመድ ብቻ ይሁን። ተሳቢው ሙሉ ዕቃውን ይዞ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጎማው ተደግፎ፣ ምላሱን ሚዛን ላይ አሳርፋችሁ ለኩ። ጅማ ውስጥ የቡና ሚዛን አይጠፋም። ከፊት መጨመርም ልክ አለው፤ የሚጎትተው መኪና ባሌስትራ እስኪተኛ አትጫኑ።

ወደ ግቤ ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ መወዛወዝ ቢጀምር ፍሬኑን አጥብቃችሁ አትርገጡ፤ መሪም አታወላውሉ። ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ራሱ ይውረድ።

ሌሎቹ

ፓራውልቱ (የኋላው መከላከያ) ከብየዳው ሥር ይሰነጠቃል፦ የተሳቢ ፓራውልት ስስ ላሜራ ነው፤ ጭነት እንዲሸከም አልተሠራም። ስንጥቁ ላይ ደጋግሞ መበየድ ያባብሰዋል። ሳጥኑን በአንጎላሬ (ባለ ማዕዘን ብረት) ከሻንሲው ጋር እሰሩት።

ለብየዳ ሲመጣ ግድግዳው አጠገብ እሳት አይነሳ። ከላሜራው ኋላ ስፖንጅና እንጨት አለ፤ ውስጥ ውስጡን ተያይዞ ጭሱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ባትሪውን ፍቱ፤ ከመብሳታችሁ በፊት ሽቦ የት እንደሚያልፍ እዩ።

የጋዝ ሲሊንደር በታሸገ ሳጥን ውስጥ በፍጹም አይቀመጥ። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ታች ይተኛል። ወለሉ ላይ ሰፊ መተንፈሻ ካልተከፈተለት፣ ሳጥኑም ከቤቱ ውስጥ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ካልሆነ፣ ሥራውን አልቀበልም። ተቆጥተው የሄዱ ደንበኞች አሉ። አሁንም አልቀበልም።

የአሉሚኒየም ሳጥን ብረት ሻንሲ ላይ ሲያርፍ መጋጠሚያው ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ መሃላቸው ጎማ ይግባ።

በበጋ አቧራ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከኋላ ሳጥን ነው፤ ተሳቢው ሲሄድ ከኋላው አየር ይስባልና። የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ላይ ከታች ለጥ የሚል የጎማ ምላስ አድርጉ፤ ውሃ ያስወጣል፣ አቧራውን ይቀንሳል። ሰኔ ሲገባ ጭቃ እንዳልደፈነው በሽቦ ውጉት።