«ፋታ» የምትለውን ቃል አትዝለሏት

ዘመናዊ ተውኔት ስታነቡ በቅንፍ የተቀመጠች «ፋታ» ወይም «ዝምታ» የምትል ቃል ታጋጥማችኋለች። ብዙዎቻችን ቀጣዩን ንግግር ለማግኘት ስለምንቸኩል ዓይናችን ያልፋታል። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ጸሐፊው ያቺን ቃል ያስቀመጣት ንግግሩን በጻፈበት ጥንቃቄ ነው። ከዘለላችኋት ከተውኔቱ አንድ መስመር ጎደለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ሥር የሰደደ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ገጸ ባህርያቱ ዝም ባሉ ቁጥር «መግባባት አቅቷቸው ነው» እንላለን። እስቲ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞስኮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን የሩሲያዊውን ጸሐፊ ተውኔት የቼኾቭን «የቼሪ አትክልት» አስታውሱ። አራተኛው ገቢር ላይ ነጋዴው ሎፓኺን የቤቱን የማደጎ ልጅ ቫርያን ለጋብቻ እንዲጠይቃት ሁሉም ይጠብቃል። ብቻቸውን ይተዋቸዋል። እሷ ጓዙ መሃል የሆነ ነገር ትፈልጋለች። ምን እንደምትፈልግ ይጠይቃታል። ራሷ እንዳስቀመጠችው፣ አሁን ግን እንደማታስታውስ ትነግረዋለች። ፋታ። ወዴት እንደምትሄድ ይጠይቃል። ቀጥሎ ስለ አየሩ ያወራል፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ነው። እሷ አላየችም፤ ቴርሞሜትራቸውም ተሰብሯል። ፋታ። ከውጭ ሰው ይጠራዋል። ጥሪውን ሲጠብቅ እንደቆየ ሁሉ ፈጥኖ ይወጣል። ቫርያ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን የልብስ ጥቅል ላይ ጥላ፣ ቀስ ብላ ታለቅሳለች።

እነዚህ ሰዎች አልተግባቡም? በእኔ እምነት ከሚችሉት በላይ ተግባብተዋል። እሷ እንደማይጠይቃት ገብቷታል። እሱም እንደገባት ያውቃል። መርዶ የደበቀ ዘመድ ከውጭ አገር ስልክ ሲደወልለት እንዴት እንደሚያወራ ታውቃላችሁ። ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ያወራል፣ «ሁላችንም ደህና ነን» ይላል። ድምፁ ግን ሌላ ነው። የቴርሞሜትሩን መስመር የምትለማመድ ተዋናይት ያንን ስልክ ብታስብ ደስ ይለኛል። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ተውኔት ሃሮልድ ፒንተርም እ.ኤ.አ. በ1962 ብሪስቶል ላይ ባደረገው ንግግር ይህን «የመግባባት ውድቀት» የሚባል ነገር አልተቀበለውም። በዝምታችን ውስጥ፣ ባልተባለው ነገር ውስጥ፣ እንዲያውም ከልክ በላይ እንግባባለን ነው ያለው።

እዚያው ንግግር ላይ ሌላም ነገር አለ። ዝምታ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ቃል ሲጠፋ፣ ሌላው የቃል ጎርፍ ሲወርድ። ስለዚህ ዝምታን ሰው ባልተናገረበት ቦታ ብቻ መፈለግ ሦስተኛው ስህተት ነው። የአየርላንዳዊው ጸሐፊ ተውኔት የሳሙኤል ቤኬት «ደስተኛ ቀናት» ላይ ዊኒ እስከ ወገቧ አፈር ውስጥ ተቀብራ ታወራለች። በሁለተኛው ገቢር እስከ አንገቷ ትቀበራለች፤ አሁንም ታወራለች። ባሏ የሚመልስላት ጥቂት ነው። ይህን ሚና ለፍላፊ ሴት አድርጎ ለሳቅ ብቻ መጫወት ያሳዝናል። ብታቆም ምን እንደሚሰማት ተመልካቹ መጠርጠር አለበት።

ሁሉንም ፋታ በአንድ ልክ መያዝስ? አንዳንዱ ተዋናይ በልቡ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ይቆጥራል። ከፊቱ ላይ ቁጥሩ ይነበባል። የፒንተርን ተውኔቶች ያዘጋጀው ፒተር ሆል ልዩነቱን ጥሩ አድርጎ ያስረዳል። ንግግር መሃል የሚገባው ሦስት ነጥብ (…) ቅጽበታዊ ማመንታት ነው። ፋታ ድልድይ ነው፤ ተመልካቹ ከወንዙ ወዲህ ነህ ብሎ ሲያስብ፣ ስትናገር ግን ወዲያ ማዶ ተገኝተሃል። ዝምታ ከሁሉም ይረዝማል፤ ሰውዬው ብዙ ጊዜ ከዚያ የሚወጣው ተለውጦ ነው። እንግዲህ መቁጠሩን ትታችሁ፣ ገጸ ባህርይው በዚያች ጊዜ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ፈልጉ።

ፋታው ላይ ሙዚቃ መልቀቅም አለ። እባካችሁ ተዉት። ለተመልካቹ ምን እንደሚሰማው ነግራችሁ የእሱን ድርሻ መውሰድ ነው።

የመጨረሻው ስህተት መብራቱን ለማጥፋት መቸኮል ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 1953 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የቤኬት «ጎዶን ጥበቃ» ሁለቱንም ገቢሮች የሚዘጋው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። አንዱ እንሂድ ወይ ይላል፣ ሌላው አዎ እንሂድ ይላል፤ በሁለተኛው ገቢር ተናጋሪዎቹ ብቻ ይቀያየራሉ። ከዚያ መመሪያው «አይንቀሳቀሱም» ይላል። መብራቱ ቶሎ ከጠፋ ተመልካቹ ሄደዋል ብሎ ያስባል። ትንሽ አቆዩት። ሁለቱ ሰዎች እዚያው እንደቆሙ ይታዩ።