ዐለታማ የባሕር ዳርቻ ለመጎብኘት ሲያቅዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሸዋማ የባሕር ዳርቻ ዝርክርክ እንግዳን ይችላል። አርፍደው ቢደርሱ፣ በነጠላ ጫማ ቢመጡ፣ ጀርባዎን ለባሕሩ ሰጥተው ቢያንቀላፉ ብዙም አይቀየምዎትም። ዐለታማው ዳርቻ ግን ቁጡ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ቦርሳዬን ለውሃ ገብሬ ነው።

በራስ ሰዓት መሄድ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ብዙ ሰው የጉዞውን ሰዓት የሚወስነው ቁርሱንና መኪናውን አይቶ ነው፤ ዐለቱ የሚገለጥበትን ሰዓት የሚወስነው ግን ባሕሩ ነው። በአብዛኞቹ ዳርቻዎች ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ፣ ሰዓቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል። ዛሬ ረፋድ ላይ በደረቅ እግር የተሻገሩት ቋጥኝ በሳምንቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ውሃው ከወትሮው ርቆ ይሸሻል፣ ሲመለስም ከወትሮው ከፍ ብሎ ነው። በካናዳው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው ልዩነት እስከ 16 ሜትር ይደርሳል፤ በአብዛኛው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ግን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ የሚሄዱበትን ቦታ የሙላትና የሽሽት ሰንጠረዥ አስቀድመው ይመልከቱ። በበጋ ወራት ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት በሚገፉ አገሮች ሰንጠረዡ በየትኛው ሰዓት እንደተጻፈም ያጣሩ፤ የአንድ ሰዓት ስህተት እዚህ ቀላል አይደለም። ውሃው ጨርሶ ከመሸሹ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ይድረሱ፣ እየሸሸ ሲሄድ ተከትለው ይውረዱ፣ መመለስ ሲጀምር እርስዎም ይመለሱ። አመጣጡ አዝጋሚ መስሎ ይጀምርና በመካከል ይፈጥናል፤ ስድስት ሰዓት ከሚፈጀው ሙላት ውስጥ ሦስተኛውና አራተኛው ሰዓት ብቻቸውን ግማሽ ያህሉን ውሃ ይዘው ይመጣሉ።

የሚመጣበትም አቅጣጫ ያታልላል። እኔ ባሕሩን ከፊቴ ስጠብቀው፣ እሱ በስተኋላዬ በነበረው ዝቅተኛ ቦይ ዞሮ ገባ። ዞር ስል ቦርሳዬ እየተንሳፈፈ ነበር፤ በእግሬ የመጣሁበት መንገድም ጉልበት ድረስ ሞልቷል።

«ዛሬ ባሕሩ ጸጥ ብሏል» ብሎ መውረድ

ትላልቅ ሞገዶች በየተራ አይመጡም። ለረጅም ጊዜ ትንንሾቹ ብቻ ሲመላለሱ ይቆዩና፣ ሩቅ ባሕር ላይ በተነሳ ማዕበል የተወለዱ ትላልቆቹ ተከታትለው ይደርሳሉ። ከመውረድዎ በፊት ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ድንጋዩ ረጥቦ ጠቁሮ ካዩት፣ ሞገድ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። በአይስላንዱ ሬይኒስፍያራ ዳርቻ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው የቆሙ ጎብኚዎች በሞገድ ተወስደው ሞተዋል።

ነጠላ ጫማ

ዐለቱ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ስስ የውሃ ዕፅ፣ አልጌ፣ የተቀባ ሳሙና ነው። በጥቃቅን ነጫጭ ቅርፊቶች የተሸፈነው ዐለት ደግሞ ለጫማ ጥሩ መያዣ ይሆናል፣ ለባዶ እግርና ለእጅ ግን ምላጭ ነው። ጣትን የሚሸፍን፣ የጎማ ሶል ያለው አሮጌ ጫማ ይበቃል።

ያዩትን ሁሉ መንካት

ዐለቱ ላይ እንደ ትንሽ ድንኳን የተለጠፈ ቅርፊት ያያሉ። ውስጡ ያለው እንስሳ ውሃው ሲመጣ ወጥቶ አልጌ ይግጣል፣ ውሃው ሳይሸሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደዚያችው ቦታው ይመለሳል፤ የቅርፊቱ ጠርዝ ከዐለቱ ቅርጽ ጋር ገጥሞ የተበላ ስለሆነ ሌላ ቦታ እንዲህ አይገጥምለትም። በቢላ ፈልቅቀው ካነሱት አበቃለት። የገለበጡትን ድንጋይም እንደነበረ ይመልሱት፤ ከሥሩ ያሉት ፀሐይ አይችሉም። በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች ሞቃት ዳርቻዎች ከሆኑ ግን ሾጣጣ ቅርፊት ያለውን ውብ ቀንድ አውጣ በእጅዎ አያንሱ፤ ከነዚህ ዝርያዎች አንዳንዶቹ የሚገድል መርዝ አላቸው።

ከቋጥኝ ላይ ዘሎ መግባት

ጠዋት ጥልቅ የነበረው ከሰዓት በኋላ ጥልቅ ላይሆን ይችላል። ደግሞም መግባቱ ቀላል ነው፤ በሚያንሸራትት ዐለት ላይ ሞገድ እየመታዎት መውጣቱን ያስቡት።

ከገደል ሥር ጥላ ፈልጎ ምሳ መብላት

ሥሩ ላይ አዲስ የተሰበረ፣ ፊቱ ገና ያልደበዘዘ ድንጋይ ካዩ ከላይ እየወረደ ነው። ምሳዎን ገለጥ ያለ ቦታ ይብሉ፤ ለፀሐዩ ባርኔጣ አለ።