ጊታሩ ኖት ይዘላል፣ ድራሙ ሳይነካ ይመታል፦ የሙዚቃ ጌም መሣሪያዎች ችግርና መፍትሄ

ስክሪኑ ላይ የሚመጡትን ባለቀለም ኖቶች በፕላስቲክ መሣሪያ በሰዓቱ የምትመቱባቸው ጌሞች፣ ጊታር ሂሮ በ2005፣ ሮክ ባንድ ደግሞ በ2007 ሲወጡ የፕላስቲክ ጊታሩ ከነካርቶኑ፣ ከነመመሪያው ነበር የሚሸጠው። ዛሬ ለቤት የሚገዛው አብዛኛው ዕቃ ያገለገለ ነው። ወይ አንድ ነገር ጎድሎታል፣ ወይ ሻጩ ያልነገረው ሕመም አለበት። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ችግሩ ሁሌም ነው ወይስ አልፎ አልፎ? በአንድ ቁልፍ ላይ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም? ሁሌም ሁሉም ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጊታሩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ቴሌቪዥኑ ወይም ግንኙነቱ ላይ ነው።

በሰዓቱ እየመታሁ «ሳትክ» ይለኛል

ለጥገና ከሚመጣው ቅሬታ ትልቁ ይኸው ነው፤ ደግነቱ ምንም መፍታት አያስፈልገውም። የድሮው ባለሆድ ቴሌቪዥን ምስሉን እንደደረሰው ነበር የሚያሳየው። ጠፍጣፋዎቹ ግን ምስሉን አሳምረው እስኪያወጡት ድረስ በአስር የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከ100 በላይ ሚሊሰከንድ ይፈጅባቸዋል። ክሎን ሂሮ የሚባለው የኮምፒውተር ጌም ለአንድ ኖት የሚሰጠው ጊዜ ከፊትና ከኋላ 70 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥኑ 80 ካዘገየ እጃችሁ የቱንም ያህል ቢፈጥን ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን ክፈቱ። እንቅስቃሴ የሚያለሰልስና ምስል የሚያጠራ ነገር ካለ ሁሉንም አጥፉት። ቀጥሎ ድምፁ ነው። የብሉቱዝ ስፒከርና የብሉቱዝ ኢርፎን ለዚህ ጌም ፈጽሞ አይሆኑም፤ ድምፁ ከእጃችሁ ኋላ እየተንከረፈፈ ይመጣል። በሽቦ ተጠቀሙ።

ከዚያ በኋላ ነው ካሊብሬሽን፣ ማለትም መዘግየቱን ለክቶ ለጌሙ መንገር። የምስልና የድምፅ መዘግየት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ በአንድ ቁጥር ሁለቱን አደርሳለሁ የሚል ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያስተካክል ይውላል። የምስሉን ስታስተካክሉ ድምፁን ዝም አሰኙና በዓይን ብቻ ምቱ። የድምፁን ስታስተካክሉ ዓይናችሁን ጨፍኑና በጆሮ ብቻ ምቱ። ዓይንና ጆሮ አብረው ከሠሩ አንዱ ሌላውን ያሳስተዋል። ውጤቱ ካላረካችሁ ቁጥሩን በእጅ 10፣ 10 ሚሊሰከንድ እየቀየራችሁ ዘገም ያለና ምቱ እኩል የሆነ ዘፈን ላይ ሞክሩት። በ2008 ከሮክ ባንድ 2 ጋር የመጣው ጊታር ውስጡ የብርሃን መለኪያና ትንሽ ማይክሮፎን ስላለው ወደ ስክሪኑ አስጠግታችሁ ብትይዙት ራሱ ይለካዋል፤ ይህ ጊታር ካላችሁ አትድከሙ።

ኮንሶሉን ወደ ሌላ ክፍል ቴሌቪዥን ከወሰዳችሁት ወይም ሳውንድባር ከጨመራችሁ የድሮው ቁጥር አይሠራም። እንደገና ለኩ።

ጊታሩ ይበራል፣ ኮንሶሉ ግን አያውቀውም

ይህ እንደ ኮንሶሉ ዓይነት ይለያያል። የኤክስቦክስ 360 ሽቦ አልባ ጊታር ከኮንሶሉ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የፕሌይስቴሽን 3 ጊታር የራሱ የዩኤስቢ ዶንግል፣ ማለትም ኮንሶሉ ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያ አለው፤ ዶንግሉ ለዚያ ሞዴል የተሠራ ስለሆነ የድራሙን ለጊታሩ ልዋስ ብትሉ አይሆንም። ዊ በሚባለው የኒንቴንዶ ኮንሶል ጊታር ሂሮ ላይ የኮንሶሉ ሪሞት ጊታሩ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ የዊ ሮክ ባንድ ግን እንደገና ዶንግል ይፈልጋል። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ ጊታሩን ሳይሆን በመጀመሪያ ዶንግሉን ጠይቁ። ያለ ዶንግል የሚሸጥ የፕሌይስቴሽን 3 ጊታር፣ ውስጡን ቀይሮ ሽቦ የሚቀጥልለት ሰው ካልተገኘ የግድግዳ ጌጥ ነው። ዘመድ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ከሆነም «ትንሿን ዩኤስቢ እንዳትረሳ» ብላችሁ አደራ በሉት፤ ሁሌም መሳቢያ ውስጥ የምትቀረው እሷ ናት።

የ360ውን ጊታር ኮምፒውተር ላይ ለመጫወት ሪሲቨር፣ ማለትም ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የሽቦ አልባ መቀበያ ያስፈልጋል። ርካሾቹ ሪሲቨሮች ሲሰኩ ዊንዶውስ አያውቃቸውም። ዲቫይስ ማናጀር ግቡ፣ ያልታወቀውን ዕቃ በቀኝ ክሊክ «አፕዴት ድራይቨር» በሉት፣ ከዝርዝሩ ራሴ ልምረጥ የሚለውን ያዙና «ኤክስቦክስ 360 ዋየርለስ ሪሲቨር ፎር ዊንዶውስ» የሚለውን ምረጡ። ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ እለፉት።

እዚህ ላይ ከአሜሪካ የመጣ ኮንሶል ላላቸው፦ የአሜሪካው ኤክስቦክስ 360 አዳፕተር ከ100 እስከ 127 ቮልት ነው፣ የዊውም 120 ቮልት ነው። የእኛ መስመር 220 ነው። ሳትሰኩ ጀርባው ላይ «ኢንፑት» ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈውን አንብቡ። 240 የሚል ቁጥር ከሌለበት ትራንስፎርመር ግድ ነው። የመጀመሪያዎቹ 360ዎች አዳፕተር 203 ዋት ስለሚያወጣ የ100 ዋቱ ትንሽ ትራንስፎርመር አይችለውም፤ 500 ዋት ግዙ። ከመጀመሪያው ሮክ ባንድ ጋር የመጣው የዩኤስቢ ሃብም (ማከፋፈያው) የራሱ አዳፕተር አለውና እሱንም እዩት። ኮንሶሉ ተርፎ ሃቡ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ።

ባለቀለም ቁልፎቹ አይሠሩም

ሁሉም ባንዴ ከጠፉ፣ ወይም አንገቱን ነካ ስታደርጉት ከጠፉና ከመጡ፣ ችግሩ መጋጠሚያው ላይ ነው። አንገቱ የሚነቀለው ሌስ ፖል የሚባለው የጊታር ሂሮ ጊታር በዚህ ይታወቃል። አረንጓዴውን ተጭናችሁ ይዛችሁ አንገቱን ወደ ላይና ወደ ታች በቀስታ ግፉት። ስክሪኑ ላይ የአረንጓዴው ምልክት ከተቆራረጠ ምርመራው አልቋል።

አንገቱን ንቀሉት። በሁለቱም በኩል ያሉትን የብረት መገናኛዎች በነጭ ላጲስ ፈግፍጉ፣ ከዚያ 90 በመቶ አልኮል በነካ የጆሮ ጥጥ ጥረጉ፣ አምስት ደቂቃ አድርቁ። አሁንም ከላላ፣ ከመገናኛው ተቃራኒ ባለው ጎን ሁለት ሦስት እጥፍ ፕላስተር ለጥፉና መልሳችሁ ግጠሙት፤ ጠበቅ ብሎ ሲገባ ፒኖቹ ይነካካሉ። እየነቀሉ ማስቀመጥ ደግሞ መጋጠሚያውን ይበላዋል። ቦታ ካላችሁ ሳትነቅሉት ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

አንዱ ብቻ ካልሠራ፣ ወይም አጥብቃችሁ ካልተጫናችሁት የማይሰማ ከሆነ፣ አንገቱን መፍታት ነው። ከቁልፉ ሥር ጎማ አለ፤ የጎማው ሆድ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ሰሌዳውን ሲነካ ነው ቁልፉ የሚቆጠረው። ላብና ለስላሳ መጠጥ እዚያ ገብቶ ይጋገራል። ሰሌዳውን በአልኮል ጥረጉት። ጥቁሩን ነጥብ ግን በላጲስ እንዳትነኩት፤ ካርቦን ስለሆነ ተልጦ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ መድኃኒት የለውም። ደረቅ ጥጥ ይበቃዋል።

አንዴ ስመታው ሁለት ይቆጥራል፣ ወይም ጭራሽ አይቆጥርም

ይህ የስትረም ባሩ፣ ማለትም የመምቻው ነገር ነው። «ቀጭ ቀጭ» የሚሉት ጊታሮች ከላይና ከታች አንዳንድ ማይክሮስዊች (ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ) አላቸው። ወደ ታች ስትመቱ ሠርቶ ወደ ላይ እምቢ ካለ የላይኛው ስዊች ነው፤ ቴስተር ባይኖራችሁም ይህ በጆሮ ይለያል፣ ድምፁ ይታፈናል። ሁለት ጊዜ የሚቆጥር ከሆነ ግን በውስጥ ያለው ቅጠል ደክሞ ሲመለስ እየነጠረ ነው። ኮንታክት ክሊነር የሚባለው የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ ለሳምንት ያህል ያስታግሰዋል፤ እውነተኛው መፍትሄ ስዊቹን ፈትቶ በእርሳስ አዲስ መበየድ ነው። ከዚያ በፊት ሽቦዎቹን በስልክ ፎቶ አንሱ።

ዋሚ ባሩ፣ ማለትም ድምፅ የሚያወዛውዘው ዘንግ፣ ሳይነካ ድምፁን የሚያወዛውዝ ከሆነ ኮንታክት ክሊነር ነፋ አድርጉበትና ሃያ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አዙሩት። ተልፈስፍሶ የቀረ ከሆነ ሞላው ከቦታው ወጥቷል። ጊታሩን ስታቆሙት ስታር ፓወር (ነጥብ የሚያበዛው ጉልበት) ካልመጣ «ሴሌክት» ወይም «ባክ» የሚለው ቁልፍ ያንኑ ይሠራል፤ ለዚህ ብላችሁ አትፍቱት።

ድራሙ

ቀዩን ስትመቱ ቢጫውም የሚቆጠር ከሆነ ምክንያቱ ንዝረት ነው። ከእያንዳንዱ ፓድ ሥር ሳንቲም የምታህል ፒዬዞ የምትባል ዲስክ አለች፤ ምትን ከንዝረት ነው የምታውቀው፣ እናም ፍሬሙ ሲንቀጠቀጥ ጎረቤቷም «ተመታሁ» ትላለች። የፍሬሙን ቪሶች በሙሉ አጥብቁ፣ እግሮቹን ምንጣፍ ላይ አቁሙ፣ ፓዱ ከፍሬሙ ጋር በሚነካካበት ቦታ ቀጭን ስፖንጅ አስገቡ። አንድ ፓድ ብቻ ከሞተ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዲስኳ ላይ የተበየደችው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ ነው። ስትበይዱ ፍጠኑ፤ ሙቀት ከበዛ ዲስኳ ትበላሻለች።

የሮክ ባንድ የእግር ፔዳል ውስጥ ግን ፒዬዞ የለም። ማግኔትና ስዊች ናቸው፣ ሽቦው 3.5 ሚሊሜትር ጃክ ነው። ፔዳሉ ካልሠራ ንቀሉትና የተረፈ የኢርፎን ሽቦ ከነጃኩ ድራሙ ላይ ሰኩ፤ የጃኩ ጫፍና ሥር የሚገናኙባቸውን ሁለት ሽቦዎች ልጣቸውን ገፍፋችሁ እርስ በርስ ነካ ለቀቅ አድርጓቸው። ጌሙ ምት ከቆጠረ የተበላሸው ፔዳሉ ነው፤ ካልቆጠረ የድራሙ ሶኬት ነው። ፔዳሉ መሃሉ ላይ የመሰንጠቅ ልማድ አለው። ከሥሩ ብረት አስገብቶ በቡሎን ማሠር ይቻላል፣ ነገር ግን አሉሚኒየም ይሁን። ተራ ብረት ከሆነ ማግኔቱን ይስበውና ስዊቹ ይታወራል።

ማይክሮፎኑ

ሳትዘፍኑ ነጥብ የሚሰጣችሁ ከሆነ ከስፒከሩ የሚወጣውን ዘፈን እየሰማ ነው፤ ስፒከሩን ቀንሱ ወይም ከፊቱ ዞር በሉ። በዜማ ክፍሎች ላይ ጌሙ የሚለካው የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት እንጂ ቃሉን አይደለም። ሮክ ባንድ ላይ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብላችሁ (ያንኑ ኖት በወፍራም ድምፅ) ብትዘፍኑም ይቀበላችኋል፤ ቀጭን ድምፅ ያለው ዘፋኝ ሲመጣ ጉሮሯችሁን አትቅደዱ።