አቮካዶን ጥቅሙን ሳያባክኑ የመመገብ ዘዴ

አቮካዶ በአገራችን ከተሞች ይበልጥ የሚታወቀው በጭማቂ ቤት ነው። ከማንጎና ከፓፓያ ጋር በረጅም ብርጭቆ ተነባብሮ ስፕሪስ ሆኖ ሲቀርብ፣ ሎሚ ተጨምቆበትና ስኳር ታክሎበት በማንኪያ ይበላል። ሆኖም የፍሬው ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከጣፋጭ ነገር ጋር ሲቀላቀል ሳይሆን ከአትክልት ጋር በአንድ ገበታ ሲቀርብ ነው።

ሌላው ፍራፍሬ በአብዛኛው ጉልበት የሚሰጠው በስኳሩ ሲሆን አቮካዶ ግን በስቡ ነው። በ100 ግራም የአቮካዶ ሥጋ ውስጥ 15 ግራም ያህል ስብ፣ 7 ግራም ያህል አሰር (ፋይበር) እና ከ1 ግራም ያነሰ ስኳር ይገኛል። የስቡ ሁለት ሦስተኛ ያህል በወይራ ዘይት ውስጥ በብዛት ካለው ዓይነት በመሆኑ፣ እንደ ቅቤ ያለውን የሚረጋ ስብ ተክቶ ሲበላ ጎጂ የሚባለውን ኮሌስትሮል ዝቅ ለማድረግ ያግዛል። የፖታሲየሙ መጠንም ብዙ ሰው በዚህ ማዕድን ከሚያውቀው ከሙዝ ይበልጣል፤ በ100 ግራም አቮካዶ 485 ሚሊግራም፣ በሙዝ ደግሞ 358 ሚሊግራም ያህል ነው። ለነፍሰ ጡሮች የሚያስፈልገው ፎሌት የተባለ ቫይታሚን በውስጡ 80 ማይክሮግራም ያህል ይገኛል፤ ይህ ግን በጤና ጣቢያ የሚታዘዘውን እንክብል አይተካም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ስቡ ለሌሎች ምግቦች የሚያደርገው እገዛ ነው። ካሮት፣ ዱባና ቲማቲም ቀለማቸውን የሚሰጧቸው፣ በጎመን ውስጥም የሚገኙ ካሮቲኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው፤ ከእነዚህም አንዱ የሆነውን ቤታ ካሮቲን ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። የዚህ ቫይታሚን እጥረት ዳፍንትን ያመጣል። ካሮቲኖይድ በስብ እንጂ በውኃ ስለማይሟሟ፣ ጥሬ ካሮት ያለ ምንም ዘይት የበላ ሰው ከበላው ውስጥ ሰውነቱ የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ነው። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ካሮት ባለበት ሰላጣ ላይ 150 ግራም አቮካዶ የተጨመረላቸው ሰዎች፣ ያለ አቮካዶ ሲበሉ ከነበረው 15 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ቤታ ካሮቲን ወደ ደማቸው ገብቶ ተገኝቷል። የጥናቱ ተሳታፊዎች 11 ብቻ ስለነበሩ አኃዙ ለሁሉም ሰው እኩል ይሠራል ማለት አይቻልም፤ ስብ ካሮቲኖይድን ለመምጠጥ ማስፈለጉ ግን አያጠራጥርም።

ከዚህ የምንረዳው አቮካዶ ይበልጥ የሚጠቅመው ዘይት በሌለው ጥሬ ምግብ ላይ መሆኑን ነው። በዘይት የተሠራ ጎመን የሚፈልገውን ስብ ቀድሞውኑ አግኝቷል። በጾም ወቅት ቅቤና ወተት ከገበታ ሲርቁ የአቮካዶ ሰላጣ በሳምንት ጥቂት ቀን ቢዘጋጅ መልካም ነው እላለሁ፤ ይህን ስል ግን አቮካዶ የወተትን ካልሲየም እንደማይተካና ቫይታሚን ቢ12 ፈጽሞ እንደሌለው መታወቅ አለበት።

ሲገዙ መጠኑን ሳይሆን ጥንካሬውን ይመልከቱ። አቮካዶ ከዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ የሚበስለው ከተለቀመ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለመብላት ከሆነ መዳፍ ውስጥ ይዘው በስሱ ሲጫኑት ትንሽ እጅ የሚሰጠውን፣ ለሳምንቱ ከሆነ ደግሞ ጠንካራውን ይምረጡ። በጣት ጫፍ መጫን ሥጋውን ስለሚያጠቁር መዳፍ ይሻላል። ቆዳው ጎድጎድ ያለበት ወይም ሲነቀነቅ ፍሬው ውስጡ የሚንኳኳ አቮካዶ ብዙውን ጊዜ ከመጠን በላይ የበሰለ ነው። የቆዳው ቀለም ግን ሁልጊዜ አይመራም፤ ሃስ የሚባለው ዝርያ ሲበስል ይጠቁራል፣ ፉዌርቴ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይበስላል። ጠንካራውን ቶሎ ለማብሰል ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ ሙዙ የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያፋጥነዋል። እናቶቻችን ፍሬን በእህል ወይም በገለባ ውስጥ ሲቀብሩ የሚሠራውም ይኸው ጋዝ ነው። ከመብሰሉ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስገቡት፤ ከበሰለ በኋላ ግን ማቀዝቀዣ ሁለት ሦስት ቀን ያቆየዋል።

ለሁለት ሰው የሚሆን ሰላጣ እንዲህ ይዘጋጃል። አንድ ካሮት ይፋቃል፣ ሁለት ቲማቲም፣ ትንሽ ቀይ ሽንኩርትና አንድ ቃሪያ ይከተፋሉ፤ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ጨው ይጨመራል። አቮካዶው ለሁለት ተከፍሎ ፍሬው ከወጣ በኋላ ቆዳው በእጅ ይላጣል። በማንኪያ ከመሃል ብቻ ከማውጣት ይልቅ እንዲህ መላጥ ይሻላል የምለው፣ ከቆዳው ሥር ያለው ጥቁር አረንጓዴ ሥጋ ከሌላው ክፍል ይበልጥ ካሮቲኖይድ ስላለው ነው። ሥጋው ተቆራርጦ በመጨረሻ ይቀላቀላል፤ በትኩስ ምግብ ላይ የሚጨመር ከሆነ ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይሁን፣ ረጅም ሰዓት የተቀቀለ አቮካዶ ይመርራልና። የተረፈው እንዳይጠቁር ሎሚ ቀብተው አየር እንዳያገኘው አጥብቀው ይሸፍኑት።

ጭማቂውን መተው አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ስኳሩን መቀነስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመክረው የተጨማሪ ስኳር ልክ የላይኛው ወሰን 50 ግራም ያህል ሲሆን፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ብቻውን ከ35 ግራም ይበልጣል። ብርጭቆው በሙዝ ወይም በበሰለ ማንጎ ቢጣፍጥ ያው ጣዕም ሳይጎድል ይገኛል።

ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ያለ ጨውና ያለ ስኳር ተፈጭቶ መስጠት ይቻላል። በተቃራኒው የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው ፖታሲየም እንዲቀንሱ የተነገራቸው ሰዎች ከሐኪማቸው ጋር ሳይመክሩ ማዘውተር የለባቸውም። ደም እንዳይረጋ የሚታዘዘውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም በአቮካዶ ውስጥ የመድኃኒቱን ሥራ የሚቀንስ ቫይታሚን ኬ ስላለ መጠኑን ከሳምንት ሳምንት እኩል ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። የላስቲክ ጓንት ቆዳቸውን የሚያስቆጣባቸው ሰዎች አንዳንዴ አቮካዶም ይቆጣባቸዋል። ልጣጩንና በውስጡ ያለውን ጠንካራ ፍሬ ደግሞ ለዶሮም ሆነ ለፍየል አይስጡ፤ ፐርሲን የተባለ፣ እነርሱን የሚመርዝ ንጥረ ነገር አለበት።