ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ያልታወቀ አሮጌ የልጆች መንጃ መጫወቻ፦ ችግርና መፍትሄ

አንዳንዱ አሮጌ መጫወቻ ሲያዩት ለልጅ የተሠራ አይመስልም። ጎማ አለው፣ ረጅም ማንሻ አለው፣ ከሥሩ የተቆለመመ ብረት ይታያል፣ መሪው ግን የት እንዳለ አይታወቅም። አብዛኛው ሰው ስሙን ፍለጋ የሚነሳው ከመልኩ ነው፤ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። ቀለም በየጊዜው ይቀባል፣ መቀመጫ ይቀየራል፣ የፈረሱ ጭንቅላት ይጠፋል፣ ላሜራው በዝገት ያልቃል። ጉልበትን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ክፍል ግን ለመቀየር ስለሚያስቸግር ብዙውን ጊዜ እንደተሠራ ይቆያል። ስለዚህ መልኩን ትተው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የልጁ ጉልበት የሚገባው በየት ነው? ወደ ጎማው የሚደርሰውስ በምን? ጣት የሚቆረጠውም ከዚሁ መስመር ላይ ነውና ዕቃውን መለየትንና አደጋውን ማየትን አንድ ላይ ይጨርሳሉ።

ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ ሻሲውን በሁለት ጣውላ ላይ ያሳርፉ። ከዚያ ማንሻውን ወይም ፔዳሉን በአንድ እጅ ቀስ አድርገው ያንቀሳቅሱ፤ ሌላውን እጅዎን ከሥር አያስገቡ። ከማጽዳትዎ በፊት በየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ፤ ደብዛዛ የፋብሪካ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ጥረጋ ብቻ ይጠፋል። ምንነቱ ሳይታወቅ ልጅ አያስቀምጡበት፣ «ለፎቶ ብቻ» ቢባልም።

ምልክት፦ ፔዳል የለውም፤ ከመሃሉ ረጅም ማንሻ ቆሟል

ይህ በአሜሪካ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ «አይሪሽ ሜይል» በሚል ስም የታወቀው ባለ አራት ጎማ ነው። ልጁ ማንሻውን ወደ ራሱ ይስባል፣ መልሶ ይገፋል። ከማንሻው ሥር የተያያዘው ገፊ ዘንግ፣ መካኒኮች ቢዬላ የሚሉት፣ እንደ ክርን የታጠፈውን የኋላ አክስል ያዞራል። አንዳንዶቹ በመሃል ጥርስ ያለው መዘውር አላቸው። መሪው የፊት አክስሉ ራሱ ነው፤ ልጁ ሁለት እግሩን እላዩ ላይ አድርጎ ይገፋዋል። መሪ ጠፍቷል ብለው አይፈልጉ፣ ድሮም አልነበረውም።

አስፈሪ የሚያደርገው ማንሻው ከጎማው ጋር በቀጥታ መያያዙ ነው። ብስክሌት ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ቆሞ ጎማው ይሽከረከራል፤ እዚህ ግን ጎማው በዞረ ቁጥር ማንሻው ይወራጫል። ልጁ ከለቀቀው ደረቱን ወይም አገጩን ይመታዋል። እግሩ ከፊት አክስሉ ከተንሸራተተም መሪም ማቆሚያም አይኖረውም።

ማንሻው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድርቅ የሚል ከሆነ ወዲያው ተበላሽቷል አይበሉ። ቢዬላውና የአክስሉ ክርን ቀጥ ብለው አንድ መስመር ላይ ሲውሉ ግፊቱ ወደ መዞር አይለወጥም፤ ሙት ነጥብ ይባላል። ጎማውን በእጅ ሩብ ዙር ያዙሩት። ከዚያ በኋላ ማንሻው ከሠራ ዕቃው ደህና ነው። ካልሠራ ዝገት ይዞታል ማለት ነውና በአክስሉ መያዣዎች ላይ ዝገት አላቃቂ ዘይት አንጠባጥበው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በመዶሻ አይምቱት፤ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ አሮጌ ብረት ሳይታጠፍ ይሰነጠቃል።

ምልክት፦ መቀመጫ የለውም፤ ጎማ የተገጠመለት የበረዶ ሸርተቴ ይመስላል

ጣውላው ረጅምና ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ከፊቱ ግራና ቀኝ ሁለት እጀታ ካለው «ፍሌክሲ ሬሰር» ወይም መሰሉ ነው። የሠራው የፊላደልፊያው ኤስ ኤል አለን ኩባንያ ሲሆን፣ በ1889 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት፣ ያገኘውን የ«ፍሌክሲብል ፍላየር» በረዶ ሸርተቴም ያወጣው እሱ ነው። ልጁ በደረቱ ተኝቶ፣ ጭንቅላቱን አስቀድሞ ቁልቁለት ይወርዳል። እጀታዎቹ መሪም ፍሬንም ናቸው።

የፍሬኑ መጫኛ ተበልቶ ብረቱ ጎማውን የሚፋቅ ከሆነ፣ ወይም ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ ፍሬን የለውም ብለው ይቁጠሩት። ጎማ ቀይሮ ማስኬድ ይቻላል። ይሁንና ቁመቱ ከመኪና ሹፌር እይታ በታች ነው፣ መንገዱን ቀድሞ የሚመታውም ራስ ነው፤ ይህን የትኛውም ጥገና አይለውጠውም። ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ያምርበታል።

ምልክት፦ የላሜራ ፈረስ፤ እርካቡ ሲረገጥ እግሮቹ ይላወሳሉ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ የተሠራው «ሞቦ ብሮንኮ» ሳይሆን አይቀርም። የዚህ ዕቃ አሠራር እጅግ ብልህ ነው። ልጁ እርካቡን ሲረግጥ እግሮቹ ይከፈታሉ፣ ሲለቅ ሞላ መልሶ ይሰበስባቸዋል። በሰኮናዎቹ ሥር ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ወደፊት ብቻ ስለሚዞሩ እያንዳንዱ ርግጫ አንድ እርምጃ ይሆናል።

ባለበት ከተወዛወዘና ካልሄደ፣ የጎማዎቹ የኋሊት መቆለፊያ በደረቀ ቅባት ተጣብቋል። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጣት ያዙሩ፤ ወደኋላ የሚዞር ካለ ችግሩ እሱ ጋ ነው። በነጭ ጋዝ አጥበው ካደረቁት በኋላ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ ይበቃዋል። ግራሶ ከቀቡበት ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ይመለሳሉ። ተከፍቶ የማይሰበሰብ ከሆነ ደግሞ የመመለሻው ሞላ ተሰብሯል ወይም ከመንጠቆው ወጥቷል። ሞላውን ሲነኩ የዓይን መከላከያ ያድርጉ።

ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ስፍራ እንደ መቀስ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሲሠራም እንደዚያው ነበር።

ምልክት፦ ፈረሱ በብረት ቱቦ መሃል በአራት ሞላ ተንጠልጥሏል

መለየቱ ቀላል ነው፤ የሚያሰጋው ሞላው ነው። ልጅ ሲዘል ጥቅልሎቹ ይከፈታሉ፣ ሲመለስ ይገጥማሉ፤ የገባ ጣት ይቆረጣል። ኮርቻው ላይ ተጭነው ክፍተቱን ይለኩ፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ሞላው መሸፈን አለበት። ከጥቅልሉ ሰፋ ያለ ወፍራም የሸራ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ አልብሰው ሁለቱንም ጫፍ ይሰሩት። የተለጠጠ፣ የዛገ ወይም ከአቻዎቹ የረዘመ ሞላ ካለ አራቱም በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ፤ አንዱን ብቻ መቀየር ፈረሱን ያዘነብለዋል።

ምልክት፦ ፔዳል የለም፣ ካቴና የለም፣ ማንሻ የለም

የጎደለ ዕቃ ፍለጋ ከመሄድዎ በፊት መሪውን ግራና ቀኝ ያወዛውዙት። «ሮለር ሬሰር» የሚባለው ዓይነት የሚሄደው በዚህ ብቻ ነው፤ እንደ እባብ እየተቅለሰለሰ ይገፋል። ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ጎማ ኖሮት በየጎማው ላይ የእጅ መዘውር ካለው ደግሞ በእጅ የሚዞር ነው፤ አንዱን ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ ሲያዞሩ ባለበት ይሽከረከራል። ሁለቱም ፕላስቲክ ከሆኑ የፀሐይ ጉዳት ይፈልጉባቸው። በጥፍር ሲጫኑት ነጭ ስንጥቅ የሚያወጣ ፕላስቲክ ክብደት አይሸከምም፣ ማጣበቂያም አያድነውም።

ምልክት፦ እንደ ፔንዱለም የተንጠለጠሉ ሁለት ብረቶች ያሉት ራቁት ሻሲ

ላሜራው ያለቀ የፔዳል መኪና ነው። ከነላሜራው ከተገኘና የፊት መብራቱ በባትሪ የሚበራ፣ ጥሩምባው የሚጮህ ከሆነ «ኦስቲን ጄ 40» መሆኑን ይመርምሩ። ከ1949 እስከ 1971 በደቡብ ዌልስ ባርጎድ በተባለ ቦታ፣ ሳንባቸው በድንጋይ ከሰል አቧራ የተጎዳ ማዕድን ቆፋሪዎች ይሠሩበት በነበረ ፋብሪካ ነው የተመረተው። ይህን ዕቃ ማንነቱ ሳይረጋገጥ ቀለም መቀባት ዋጋውን መግደል ነው።

ፔዳሉ እየሠራ መኪናው የማይሄድበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። በብዙ የፔዳል መኪና ከኋላ ጎማዎች አንዱ ብቻ ከአክስሉ ጋር ይቆለፋል፤ ሌላው እንዲሁ ይዞራል። የሚቆልፈው ፒን ከተቆረጠ ወይም ቀዳዳው ከተበላ አክስሉ ብቻውን ይሽከረከራል። የጎማውን ክዳን አንስተው ያዩታል። ፒኑን በሚስማር አይተኩት፤ ሚስማር ለስላሳ ነው፣ ዳግም ይቆረጣል፣ የወጣው ጫፉም ቁርጭምጭሚት ይቀዳል። ልኩ የሆነ ፒን አስገብተው ጫፎቹን አጥፈው በክዳኑ ይሸፍኑ። ቀዳዳው ከተበላ ጎማውን ወደ አክስሉ ሌላኛው ጫፍ ማዛወር ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ምልክት፦ ዓይነቱ ታወቀ፣ ዘመኑ አልታወቀም

ከመቀመጫው ሥርና ከአክስሉ መያዣ ላይ ቁጥር ይፈልጉ። የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር 1,000,000 የወጣው በ1911፣ 2,000,000 በ1935፣ 3,000,000 በ1961 ነው። ቁጥሩ ከዚያ በፊት እንዳልተሠራ ይናገራል እንጂ የተሠራበትን ዓመት አይናገርም፤ ፓተንቱ ያኔ ለ17 ዓመት ይጸና ነበርና ያው ቁጥር ለረጅም ጊዜ ሊታተም ይችላል። አምስት አሃዝ ያለው የአሜሪካ ፖስታ ኮድ ከ1963 ወዲህ ነው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከ1949 እስከ 1990 ነው። የአውሮፓ «ሲኢ» (CE) ምልክት ያለበት መጫወቻ ከ1990 አይቀድምም።

በኮከብ ካቻቪት የሚፈታ ብሎን ፓተንት ያገኘው በ1936 ነው። ሁሉም ብሎን ጠፍጣፋ ሆኖ አንዱ ብቻ ኮከብ ከሆነ ያ የጠጋኝ እጅ ነው። አክስሉን በካሊፐር ይለኩ፤ 12.7 ሚሊ ሜትር ግማሽ ኢንች ነው፣ ከእንግሊዝ ወይም ከአሜሪካ መምጣቱን ይጠቁማል። ድፍን 12 ከሆነ ፊትዎን ወደ አውሮፓ አህጉር ያዙሩ። ዳዶ በሚሊ ሜትር ቁልፍ የሚንሸራተትብዎ ከሆነ በኃይል አይታገሉት፤ የኢንች ቁልፍ ያምጡ።

ምልክት፦ ቀለሙ ይላጣል፣ ወይም እጅ ላይ ዱቄት ይተዋል

ሌላውን ሁሉ ቢያልፉ ይህን አይለፉ። አሜሪካ በሸማቾች ቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ (ማዕድኑን) በ1978 ወደ 0.06 በመቶ ገደበች፣ በ2009 ደግሞ ወደ 0.009 ዝቅ አደረገች። ከዚያ በፊት የተቀባ መጫወቻ እርሳስ አለበት ብለው ይነሱ። እርሳስ ሲነካ ቀለም የሚቀይረው ስንጥር መሰል መፈተኛ የሚያየው የላዩን ብቻ ስለሆነ፣ ከማይታይ ቦታ እስከ ብረቱ የሚደርስ ትንሽ ጭረት ሰርተው እዚያ ውስጥ ይፈትኑ። ደህና ቢልም ሙሉ በሙሉ አይመኑት፤ እርግጡን የሚናገረው በኤክስሬይ የሚለካው መሣሪያ ነው።

በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉ፣ በእሳትም አያቃጥሉ፤ አቧራውና ጭሱ ከቀለሙ ይብሳሉ። ቀለም ማላቀቂያ ኬሚካል ተጠቅመው እርጥቡን ፍቀው በፕላስቲክ ይሰብስቡ። ትንንሽ የዛጉ ዕቃዎችን 5 በመቶ ኮምጣጤ ውስጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ ማጠብና ወዲያው ማድረቅ ይሠራል። ሞላ ግን በአሲድ አይዘፈዘፍም፤ ጠንካራ ብረት በአሲድ ተሰባሪ ሆኖ በኋላ በድንገት ይበጠሳል።

ምልክት፦ ተጠግኗል፣ ይሄዳል፤ ልጅ ይቀመጥበት?

በሚንቀሳቀሱት ብረቶች መሃል ያለውን ክፍተት በሁለት ዘንግ ይፈትኑ፤ አንዱ 5፣ ሌላው 12 ሚሊ ሜትር። ቀጭኑ የሚገባበት ቦታ ወፍራሙንም በሙሉ እንቅስቃሴው ካላስገባ ጣት ይዞ የሚቆርጥ ነው፤ ይሸፈን። ቀጥሎ አንድ ሜትር ጣውላ አንዱን ጫፍ 17 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ፣ 10 ዲግሪ ተዳፋት ይሆናል። ዕቃውን እንዳይንሸራተት አድርገው ጎኑን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ያቁሙትና መቀመጫው ላይ አሸዋ ይጫኑ፤ የአውሮፓው የመጫወቻ ደህንነት ደንብ ከ3 ዓመት በታች ላሉት 25 ኪሎ፣ ለሌሎቹ 50 ኪሎ ይላል። ከተገለበጠ መልሱ አለቀ። ካልተገለበጠ ብየዳዎቹን በመርፌ ጫፍ ይውጉ፤ ዝገቱ ውስጥ የሚጠልቅ ከሆነ ላዩ ብቻ ነው የቆመው።

ለዕይታ ብቻ ካስቀመጡት ቢዬላውን ወይም የመቆለፊያውን ፒን አውጥተው፣ ከረጢት ውስጥ ከነሮንዴላው ከመቀመጫው ሥር ይሰሩት። እንግዳ ልጅ ዘሎ ቢቀመጥበት እንኳ የሚቆርጥ ብረት አይንቀሳቀስም፤ ዕቃውም ሙሉ እንደሆነ ይቆያል።