የብሶት ዘፈን ቤት ውስጥ ሲሠራ፦ ከስንኙ እስከ ቀረጻው

«ኑሮ ከበደ» ብሎ በደፈናው መዝፈን ማንንም አይነካም። በአንድ ዘፈን አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዙ፦ የቤት ኪራይ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ ወይም አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ሲነበብ የሚያልፍ ጠዋት።

ለጀማሪ ወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ይመቻል፤ በየስንኙ 6 እና 6 ቀለም (ሲላብል) ነው።

ሥራው መቼ ብዬ ደጃቸው ብጠና፣
ገና ነው እያሉ አለፈብኝ ገና።

ኅብረ ቃሉ (ሁለት ትርጉም የያዘው ቃል) «ገና» ነው፤ ሲላላ ቀጠሮ፣ ሲጠብቅ በዓል። ብሶቱ ያለው እዚሁ ላይ ስለሆነ ቀሪው ሥራ ሁሉ ይህን ልዩነት ለመጠበቅ ነው። ብዙ ዘፈን የሚበላሸው ቢቱ (አጃቢ ሙዚቃው) አስቀድሞ ተሠርቶ ቃሉ በግድ ሲገባበት ነው፤ የሚጠብቀው «ገና» ለማጥበቅ ጊዜ ካላገኘ ይላላና ስንኙ ትርጉም ያጣል። መጀመሪያ እያጨበጨቡ ያንብቡት፤ በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ ያድርጉ። የችክችካ ምት 6/8 (በአንድ ባር፣ ማለትም በአንድ የምት ዙር፣ 6 ቆጠራ) ስለሆነ 6ቱን ቀለም በአንድ ባር መጠቅጠቅ ያጓጓል፤ ያኔ ግን ለማጥበቅ ቦታ አይተርፍም። ሁለት ባር ይስጡት።

ለቀረጻ ልብስ የሞላበት ቁምሳጥን ይክፈቱና ፊትዎን ወደ እሱ ያዙሩ፤ ከጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ ይስቀሉ። ከማይኩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይራቁ። በመቅረጫ ሶፍትዌሩ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት የድምፅ ጥራት በቂ ነው፤ ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መካከል ይሁን። እዝ የሚል ድምፅ ከተሰማ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው ይሞክሩ። ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ዝናብ ሲዘንብ አይቅረጹ፤ ያን ድምፅ በሶፍትዌር ለማጥፋት ሲሞከር ተነባቢዎቹም አብረው ይጠፋሉ። ኮምፕረሰር (ጮክና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ መሣሪያ) ላይ አታኩን (ሥራ እስኪጀምር ያለውን ጊዜ) በጣም ካሳጠሩት የቃሉ መነሻ ይደፈጠጣል።

ሚክሱን (ድምፅና ሙዚቃው ተቀናብሮ ያለቀውን) በስልክ ስፒከር፣ ግጥሙን ላላዩ ሁለት ሰዎች ያሰሙ። ሁለቱን «ገና» ካልለዩ ሚክሱን አይነካኩ፤ ድምፁን እንደገና ይቅረጹ።

ከኢንተርኔት የወረደ ቢት ያለ ፈቃድ ከገባ ዩቲዩብ ላይ ገቢው ለቢቱ ባለቤት ሊሄድ ወይም ዘፈኑ ሊታገድ ይችላል፤ ስምምነቱን በጽሑፍ ይያዙ። ቁጣውም አሠራርን ይንቀፍ እንጂ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን አይንካ። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ያስቀጣል፤ ከዚያም በላይ ያንኑ ኪራይ የሚከፍለውን ጎረቤት ከአድማጭነት ያስወጣል።